ሻንሲው የተቆረጠ ላንድሮቨር ታርጋው ይጸናል ወይ?

መኪና ወዳድ ወገኖቻችን በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው በርሚንግሃም የሚኖር አንድ ወገናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ባቀረበው ጥያቄ፣ በ1996 የተሠራ ዲስከቨሪ የተባለ ላንድሮቨር በርካሽ መግዛቱን፣ ቦዲው፣ በተለይም የኋላ ወለሉና የበሮቹ ሥር፣ በዝገት መበላቱን፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሎቹ ግን ጤነኛ መሆናቸውን ገለጸ። ሐሳቡ ሁለት ነው። አንደኛው ከኋላ አክስል በስተጀርባ የሚተርፈውን የሻንሲ፣ ማለትም መኪናው የተመሠረተበት የብረት አፅም፣ ጫፍ ቆርጦ መኪናው ከገደል ሲወርድ ወይም ከቦይ ሲወጣ ጭራው መሬት እንዳይነካ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለውን ርቀት ከ100 ኢንች ወደ 93 ኢንች ገደማ አሳጥሮ ዲፌንደር 90 የተባለውን አጭር ላንድሮቨር ቦዲ መጫን ነው። የጠየቀው ይህ ሥራ ይቻላል ወይ ብሎ አልነበረም፤ እንደሚቻል ዩቲዩብ ላይ አይቷል። የጠየቀው ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያው ታርጋና በዚያው ሊብሬ ወደ ጭቃው ሜዳ እየነዳ ቢሄድ ሕግ ይፈቅድለት እንደሆነ ነው።

ይህን ክር ለአንባቢ ማቅረብ የፈለግሁት፣ በእንግሊዝ አገር መኪና የሚወዱ ወገኖቻችን በተሰበሰቡበት ሁሉ ይኸው ጥያቄ ስለሚነሳና ብዙውን ጊዜም በግማሽ መልስ ስለሚዘጋ ነው። ሰላምታውንና ምርቃቱን አልፌ ቁም ነገሩን በመልእክቶቹ ተራ ቁጥር እተርካለሁ፤ ቁጥር 1 የባለጥያቄው ነው።

ቁጥር 2 መኪናውን አሞግሶ ፎቶ ከመጠየቅ አላለፈም። ቁጥር 3 ግን ነገሩ ለምን እንደሚያጓጓ በሚገባ አስረዳ። የድሮው ላንድሮቨር በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ የተሠራው ራሱን በቻለ የብረት ሻንሲ ላይ በቡሎን የሚታሰር የአሉሚኒየም ቦዲ ተጭኖበት ነው፤ ቦዲውን አንሥቶ ሌላ መጫን ለማንኛውም ደህና ጋራዥ የማይከብደው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ባሌስትራን ትቶ በሞላ የቆመ፣ የ100 ኢንች ሻንሲ ያለው መኪና ነበር፤ በ1989 የመጣው ዲስከቨሪም የተሠራው በዚያው ሻንሲ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ በዝገት ያለቀ ሬንጅ ሮቨር እየገዙ ሻንሲውን ማሳጠርና የአሮጌ ላንድሮቨር ቦዲ መጫን ለብዙ ዓመታት የተለመደ ሥራ ሆኖ ቆየ። ጸሐፊው እንዳለው፣ ያን ጊዜ የተሠሩት መኪኖች ዛሬም በየሜዳው ስለሚታዩ፣ አዲስ ገቢው ነገሩ እንደ ጥንቱ የተፈቀደ ይመስለዋል።

የክሩ አከርካሪ ቁጥር 4 ነው። ጸሐፊው የተሽከርካሪ ምዝገባን የሚያስተዳድረው፣ ስዋንዚ የሚገኘው ዲቪኤልኤ፣ አንድ መኪና ማንነቱን ይዞ መቆየቱን በዚያን ጊዜ ይለካበት የነበረውን የነጥብ ሠንጠረዥ ዘረዘረ። ሻንሲው የመጀመሪያው ከሆነ፣ ወይም አዲስ ተገዝቶ ምንም ካልተነካ፣ 5 ነጥብ ያስገኝ ነበር። የፊትና የኋላ ሰስፔንሽን በአንድነት፣ ሁለቱ አክስሎች በአንድነት፣ ካምቢዮውና መሪው ደግሞ ለየብቻ 2 ነጥብ ነበራቸው፤ ሞተሩ 1 ነጥብ ብቻ ነበረው። የቀድሞ ታርጋውን ይዞ ለመቀጠል ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። ሞተር ቀይሮ መጨነቅ ከንቱ ነው፤ ሻንሲ ቆርጦ አለመጨነቅ ግን አደገኛ ነው ሲል ደመደመ። በዚህ ክር ውስጥ ከሰፈሩት ሁሉ አንባቢ አንድ ብቻ እንዲይዝልኝ ብጠየቅ ይህን እመርጥ ነበር።

ቁጥር 5 ወዲያው ሒሳብ ይዞ መጣ። ሻንሲው 5ቱን ነጥብ ሙሉ በሙሉ ቢያጣ እንኳ፣ ሰስፔንሽኑ፣ አክስሎቹ፣ ካምቢዮው፣ መሪውና ሞተሩ ተደምረው 9 ስለሚሆኑ፣ ከ8 በላይ ነውና ባለጥያቄው ያለ ስጋት መቁረጥ ይችላል ባይ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ንባቡ ግን ግማሽ ነው። ቁጥር 6 በጨዋ ቋንቋ፣ እርስዎ እያለ፣ ከሠንጠረዡ ሥር ያለውን ዓረፍተ ነገር አመለከተው። ነጥቡ ከ8 ሲያንስ ብቻ ሳይሆን፣ ሻንሲው ከሌላ መኪና የመጣ አሮጌ ወይም የተለወጠ ሲሆንም፣ ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን መኪናው በተናጠል ተመርምሮ አዲስ መለያ ሊሰጠው ይገባ ነበር። የተቆረጠ ሻንሲ ደግሞ የተለወጠ ሻንሲ ነው።

ቁጥር 7 ያው የቁጥር 5 ጸሐፊ ነው፤ እርማቱን አልወደደውም። ጓደኛው ብዙ መኪና ቆርጦ በየዓመቱ ምርመራ ሲያልፍ እንደኖረ፣ ማንም መጥቶ እንዳልጠየቀው፣ ወረቀት የሚያበዙ ሰዎች ደግሞ ራሳቸው መፍቻ ጨብጠው የማያውቁ መሆናቸውን ጻፈ። ቁጥር 8 በዚህ ተቆጣ። አለመያዝ ፈቃድ ማለት እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ የሚሄድ ወጣት ሰው ቢገጭ የሚከሰሰው ወጣቱ እንጂ መካሪው እንዳልሆነ በብርቱ ቃል ተናገረ፤ አንቱታውም በመካከል ወደ አንተ ወረደ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም፤ ቢሆንም እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ በሌላ ሰው በኩል መወጋጋታቸውን አላቆሙም።

ቁጥር 9 የጋሼ ነው፤ መድረኩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ለንደን ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ ነበራቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ባለ ባሌስትራ ላንድሮቨሮች ሲጠግኑ ነው ያደጉት። እርሳቸው ሕጉን ለሌሎች ትተው ስለ ብረቱ ጻፉ፤ እኔም በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚፈራውን ነገር ከሕጉ ይልቅ የሚያሳየው ይህ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሻንሲ ወደ 2 ሚሊሜትር በሚጠጋ ላሜራ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ጭቃና የክረምት ጨው ወደ ውስጥ ስለሚገባ የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ቀለሙ እያበራ፣ በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ድምፁ የደነዘዘ ከሆነ እዚያ ላይ ብየዳ አይያዝም። ማሳጠር የፈለገ ሰው ሣጥኑን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ከበየደ፣ ጭነቱ ሁሉ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ያርፍና ያ መስመር አንድ ቀን ይከፈታል። መቁረጥ ካለበት በሰያፍ ወይም በደረጃ ይቁረጥ፤ ከውስጥ የሚገባ እጅጌ ይሥራለት፤ ከውጭ የሚለጠፈው ላሜራም ጫፉ የሾለ ይሁን እንጂ አራት ማዕዘን አይሁን፤ አለዚያ ከላይና ከታች ባለው ገጽ ላይ ብየዳው አግድም ያልፍና ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ፍሌክሲብል መፍጫ ከመነሣቱ በፊት ሁለቱን የሻንሲ ክንፎች፣ ማለትም በቁመት የሚሄዱትን የጎን ብረቶች፣ በጊዜያዊ ብረት አስሮ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ ያለውን ርዝመት ለክቶ መጻፍ ግድ ነው፤ ከብየዳ በኋላ ሁለቱ ልኬቶች በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ቢለያዩ መኪናው አስፋልት ላይ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ሲሄድ ይኖራል። በዲስከቨሪ ላይ ደግሞ የነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚገኘው ባለጥያቄው ሊቆርጠው ካሰበው ሥፍራ፣ ከኋላ አክስል በስተጀርባ፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል ስለሆነ፣ እርሱን ማውረድ ብቻ ሳይሆን አዲስ ቦታ መፈለግ አለበት። ካርዳኑ ያጥራል፤ የፍሬን ቱቦው መንገዱ ይቀየራል። ቁረጥ ወይም አትቁረጥ አላሉትም። ይህን ሁሉ ለመሥራት አቅም ካለህ ቁረጥ፣ ከሌለህ አዲስ ሻንሲ ግዛ ነው ያሉት።

ቁጥር 10 የተቆረጠውን ሻንሲ ዚንክ ውስጥ አስነክሮ ከዝገት ማዳን ይቻል እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጋሼ በቁጥር 11 መልሰው መጡ። የቀለጠው ዚንክ ሙቀት ወደ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ፣ አየርና እርጥበት የታመቀበት ሣጥን መውጫ ቀዳዳ ካልተበጀለት ገንዳው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ቀጭኑ ላሜራም በሙቀቱ ሊጣመም ይችላል። ተነክሮ ያለቀውን ሻንሲ በኋላ መበየድ ግድ የሆነበት ሰው፣ ዚንኩን አስቀድሞ ፍቆ፣ ነፋስ ባለበት ይሥራ፤ ጢሱን የሳበ በያጅ በዚያው ሌሊት እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ይህ ምላሽ ከሁሉ የበለጠ ምስጋና አግኝቷል፤ ይገባዋልም።

ቁጥር 12 ወደ ጥያቄው መለሰን። ከሻንሲው ሳይነኩ ለጭቃ የሚሆን መኪና መሥራት ይቻላል የሚል ነው። 5 ሴንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላና ከእርሱ ጋር የሚስማማ ሾክ አብዞርበር፣ ትልቅ ጎማ፣ የጎን መከላከያ ብረት፣ ዊንች (በገመድ የሚጎትት ሞተር) የሚሸከም የፊት ፓራውልት፣ እነዚህ ሁሉ በነበረው ቀዳዳ በቡሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ ታርጋን የሚያሰጋ ነገር የለባቸውም። ሆኖም ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ መሪው ወደ መሀል የመመለስ ልማዱን ያሳጣዋል፤ የካርዳኑ መገጣጠሚያ በማይገባው ማዕዘን ይሠራል፤ የፍሬን ላስቲክም አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ይወጠራል። ቁጥር 13 ጎማው ከጭቃ መከላከያው ወጥቶ ከታየ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የተሽከርካሪ አሠራርና አጠቃቀም ደንብ እንደሚከለክለው፣ ትልቅ ጎማ ፍጥነት መቁጠሪያውን እንደሚያሳስተውም አከለበት። ትንሽ እርማት ብትመስልም በየመንገዱ ፖሊስ የሚያስቆመው ለዚህች ነው።

ከዚያ ጥያቄው ቀጠነ። ለአዲስ ሾክ አብዞርበር መያዣ ብረት ሻንሲው ላይ ቢበየድስ? ቁጥር 14 መለወጥ ነው አለ፤ ቁጥር 15 መጨመር እንጂ መለወጥ አይደለም አለ። እኔ እዚህ ላይ ከቁጥር 16 ጋር ነኝ። ጸሐፊው ሊያደርግ ያሰበውን ሥራ ከነሥዕሉ ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ አቅርቦ የጽሑፍ መልስ ማግኘቱን፣ ያንንም መልስ ከደረሰኞቹ ጋር በአንድ ማኅደር ማስቀመጡን ገለጸ። በመድረክ ላይ ያሸነፈ ክርክር ለአደጋ መርማሪ አይቀርብም፤ ደብዳቤ ግን ይቀርባል።

ቁጥር 17 ኢንሹራንስን አነሣ። በ2012 በወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት፣ ዋስትና የሚገዛ ሰው ሲጠየቅ በተገቢ ጥንቃቄ እውነቱን መናገር አለበት፤ አውቆ ወይም ግድ ሳይለው የተሳሳተ መልስ የሰጠ ሰው ውሉ ሊፈርስበትና ካሣ ሊከለከል ይችላል። ማሻሻያ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በየቅጹ ላይ አለ። ቁጥር 18 ይህን በራሱ ታሪክ አጸናው። ከሊድስ ነው የሚጽፈው። ጭራው የተቆረጠ ሬንጅ ሮቨር ከሌላ ሰው ገዝቶ ለዓመታት ነዳው፤ በየዓመቱም ምርመራ አለፈ። አንድ ቀን ከኋላ ተገጨ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ነገር ግን ጉዳቱን ሊገምት የመጣው ባለሙያ መኪናው ሥር ገብቶ ሲወጣ የጠየቀው ስለ ግጭቱ ሳይሆን ሻንሲውን ማን እንደቆረጠው ነበር። ሊብሬው ስለ መቆረጡ ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ መኪናው ከመንገድ ወጣ፤ የካሣውም ነገር በደብዳቤ ምልልስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቁጥር 19 ያለ ርኅራኄ ነው የመጣው፤ ሰው ሚስት ሲያገባ ዘር ይጠይቃል፣ መኪና ሲገዛ ግን ጎንበስ ብሎ ማየት ለምን ያፍራል ሲል ተሳለቀበት። ከሊድስ የጻፈው ሰው በቁጥር 20 ተከፍቶ መለሰ፤ ምርመራ ያለፈ መኪና ሕጋዊ ነው ብሎ ማመን ሞኝነት እንዳልሆነ ተከራከረ። ቁጥር 21 አስታረቃቸው፤ ሲያስታርቅም አንድ ጠቃሚ ነገር አስተማረ። ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊ ምርመራ የሚመለከተው የመኪናውን ጤና እንጂ ማንነቱን አይደለም። መርማሪው ሰስፔንሽን፣ መሪ፣ ፍሬንና የመቀመጫ ቀበቶ ከሚታሰሩበት ሥፍራ በ30 ሴንቲሜትር ክልል ውስጥ የበላ ዝገት ካገኘ ይጥላል፤ የተለጠፈ ላሜራም ዙሪያውን ሳይቋረጥ መበየዱን ያያል። ብየዳው ጥሩ ከሆነ ያልፋል፤ ሻንሲው ከፋብሪካው ሲወጣ ስንት ኢንች እንደነበር ግን ለክቶ ከመዝገብ ጋር አያመሳክርም። ቦሎ እንደ ማለት ነው፤ ቦሎ የተለጠፈለት መኪና ሁሉ ሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል ማለት እንዳልሆነ አገር ቤትም እናውቃለን።

በዚህ መካከል ባለጥያቄው ብቅ ብሎ፣ እሺ ቆርጬ በተናጠል ምርመራ ላሳልፈውስ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 23 በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ስለሆነ መልሱ ከንድፈ ሐሳብ የራቀ ነው። አይቪኤ በሚባለው ምርመራ መኪናው እንደ አዲስ ሥራ ይታያል። ሰው ሊነካው የሚችል የውጭ ጠርዝ ሁሉ ሹል ሳይሆን ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ክብ መሆን አለበት፤ እርሱን የጣሉት በብየዳው ሳይሆን በገዛ እጁ በሠራው ፓራውልት ማዕዘንና ላሜራ ጠርዝ ነበር። የመቀመጫ ቀበቶ መያዣዎች፣ መስታወቶች፣ የመሪው ዘንግ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ትክክለኛነት፣ የጢሱ መጠን፣ ሁሉም በዝርዝር ይታያሉ። ጠርዞቹን ፍቆ፣ ጎማ አልብሶ ተመልሶ ሄዶ አለፈ። የተሰጠው ታርጋ በኪው ፊደል የሚጀምር ነው፤ ይህ ፊደል መኪናው ዕድሜው ወይም ማንነቱ በእርግጥ የማይታወቅ መሆኑን ለሚያየው ሁሉ ይናገራል፤ በላዩ ላይ የግል ቁጥር ማስገባት አይቻልም፤ ዋስትና የሚሰጡትም ጥቂት ናቸው። ሲሸጥ ዋጋው እንደሚወርድ ሳይደብቅ ተናገረ። ቢሆንም በሌሊት ተኝቶ ያድራል፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውና መኪናው አንድ ናቸውና።

ከቁጥር 24 እስከ 28 ክሩ ወደ መንገዶቹ ተንሸራተተ። አንዱ ይህ ሁሉ ድካም ለጫካ ከሆነ ጫካ ውስጥ ታርጋ ማን ይጠይቃል አለ፤ ሌላው በእንግሊዝ ገጠር ለመኪና የተከፈቱት የጭቃ መንገዶች በሕግ መንገድ ስለሆኑ ግብር፣ ኤምኦቲ፣ ዋስትናና ታርጋ እንደ አስፋልቱ ሁሉ እንደሚያስፈልጋቸው አረመው። በ2006 የወጣው የተፈጥሮ አካባቢና የገጠር ማኅበረሰብ ሕግ በመዝገብ ላይ ያልሰፈሩ ብዙ የሞተር መንገዶችን መዝጋቱም ተነሣ፤ ከዚያም እግረኞች ትክክል ናቸው ወይስ ባለመኪኖች በሚለው ጥቂት ሰዎች ተበሳጩ። የመድረኩ አስተናባሪ ወደ ሻንሲው ተመለሱ ብሎ ዘጋው፤ ባይዘጋው ኖሮ እስከ ዛሬ ይቀጥል ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ቁጥር 29 ቀላሉን መውጫ አሳየ። መኪናው መንገድ ላይ አይወጣም ተብሎ ለዲቪኤልኤ ተገልጾ፣ በተጎታች ተጭኖ ከግል ሜዳ ወደ ግል ሜዳ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ እንደ ልብ ሊቆረጥ ይችላል። በ2021 መጨረሻ የተጻፈው ቁጥር 30 ደግሞ ከዲሴምበር 16 ጀምሮ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ተጨማሪ ፈተና ሳይፈተን እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጎታች መሳብ እንደተፈቀደለት አስታወሰ። ዲስከቨሪ ከነተጎታቹ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ የሚጎትተው መኪና አቅም ግን በራሱ ሊብሬና መመሪያ ላይ ይታይ ሲል አስጠነቀቀ።

ባለጥያቄው ውሳኔውን ያስታወቀው በቁጥር 31 ነው። የመጀመሪያውን ዲስከቨሪ ሻንሲ አልቆረጠም። ወለሉን በላሜራ አድሶ፣ 5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ፣ ለኢንሹራንሱ አሳውቆ ይነዳዋል። ይልቁንም ጣሪያው የተጨፈለቀ ሌላ ዲስከቨሪ ገዝቶ ያንን በጋሼ አለካክ ጭራውን ቆርጦ፣ ሊብሬውን ሳይጥል ከመንገድ ውጪ አስመዝግቦ፣ ለተጎታች አደረገው። ሁለት መኪናና አንድ ተጎታች ከአንድ የተቆረጠ መኪና ይረክሳል ወይ ብሎ ቁጥር 32 ቀለደበት፤ መልስ አልሰጠም።

ቁጥር 33 የተለየ ነገር ይዞ መጣ። የ1972 ላንድሮቨር ያለው ሰው ነው፤ ባሌስትራውን አውጥቶ በሞላ ለመተካት ሻንሲው ላይ መያዣ ማስበየድ ያስባል፤ 40 ዓመት ያለፈው መኪና ኤምኦቲ ስለማያስፈልገው ማንም አያየውም ብሎ ያምናል። ቁጥር 34 ከሜይ 20 ቀን 2018 ጀምሮ የጸናው ነጻነት ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ በዋና ክፍሎቹ ላይ ብዙ የተለወጠ መኪናን እንደማይጨምር ነገረው። ቁጥር 8 የነበረው ተቆጪ ሰውም ተመልሶ፣ እንዲህ ያለው ሰው ከምርመራ የሚሸሸው ብየዳውን ራሱ ስለማያምነው ነው ብሎ ጨመረ። ስለታም ነው፤ ግን ከእውነት የራቀ አልመሰለኝም።

ክሩ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ በ2025 መጸው ላይ ተቀሰቀሰ። ቁጥር 35 ከኦገስት 26 ቀን 2025 ጀምሮ ዲቪኤልኤ አሠራሩን መለወጡን አበሰረ። እንደ ነበረው ተደርጎ የሚሠራ ጥገናና እድሳት የመኪናውን መልክና በሊብሬው የሰፈረውን እስካልለወጠ ድረስ ማስታወቅ አያስፈልግም። ትልቅ የአካል ለውጥ የተደረገበት መኪና ደግሞ፣ ባለቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ እስካሳወቀ ድረስ፣ የመጀመሪያውን የሻንሲ ቁጥርና ታርጋ ይዞ መቀጠል ይችላል። የቁጥር 5 ሰው ለስድስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረውን ድል አገኘ፤ ነግሬያችሁ ነበር ብሎ ቁጥር 36ን በደስታ ሞላው። ቁጥር 37 ግን አልለቀቀውም። አዲሱ አሠራር የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው፤ እርሱ ደግሞ ሲመክር የነበረው ዝም ማለትን ነው። የ1986ቱ ደንብ እንዳለ ነው፤ ኤምኦቲው እንዳለ ነው፤ የኢንሹራንሱ ቅጽም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። በ2019 ቆርጦ የደበቀ ሰው ዛሬም የደበቀ ሰው ነው። እኔ ለውጡን መልካም ነው የምለው፣ ሰዎች እውነቱን ሲናገሩ የሚቀጣቸው ሥርዓት ደባቂ ስለሚያበዛ ነው፤ የቁጥር 37 ንባብ ግን ትክክለኛው ይመስለኛል።

ጋሼ ዕድሜያቸው ቢገፋም በቁጥር 38 ተገኝተው አንድ ምክር ጨመሩ። የሚያሳውቅ ሰው ከመቁረጡ በፊት፣ በተቆረጠ ጊዜና ከተበየደ በኋላ ያለውን በፎቶ ይያዝ፤ በተለይ በቀኙ የሻንሲ ክንፍ የፊት ጫፍ ላይ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር በግልጽ ይታይ፤ ያንን ቁጥር መፋቅ፣ መሸፈን ወይም ወደ ሌላ ብረት ማዛወር በየትኛውም አሠራር አይፈቀድም፤ አዲስ ቀለም ሲቀባም እዚያ ላይ ስስ ይሁን።

ቁጥር 39 ባለጥያቄውን በቀጥታ ጠየቀው። ያ በተጎታች የሚሄደው የተቆረጠ ዲስከቨሪ ሊብሬው ስላልተጣለ አሁን አሳውቆ መንገድ ላይ ሊያወጣው ያስብ ይሆን? ባለጥያቄው በቁጥር 40 መለሰ። ፎቶዎቹ፣ የዲያጎናል ልኬቶቹና የብረቱ ደረሰኞች ሁሉ አሉት፤ ቅጹን እየሞላ ነው፤ መጀመሪያ ግን ዋስትና የሚሰጠው ኩባንያ በጽሑፍ እሺ እስኪል ድረስ አይልከውም። ቁጥር 41 እንግዲያውስ ተጎታቹ ስለማያስፈልግህ ለእኔ ሽጥልኝ ብሎ ዋጋ ጠየቀ። አልሸጥም አለ፤ መኪናው ታርጋ ቢኖረውም ጫካ ውስጥ አክስሉ ሲሰበር ወደ ቤት የሚመልሰው ተጎታቹ ነው።